ስለ መንጋጋ አጥንት ጥገና

የአፍና የጕሮሮ ነቀርሳ (ካንሰር) የሚታከምበት ጨረር ታላቅ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የመንጋጋን አጥንት የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጐዳል። ደም በሚገባ የማይደርሰው አጥንት ቍስሉን መጠገን ይሳነዋል። ስለዚህ ሕክምናው ከተፈጸመ ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ ጥርስ የተነቀለበት ስፍራ ሳይሽር ቀርቶ አጥንቱ ሊሞት ይችላል።

ጕዳቱ ሲጸና ሐኪሞች የሞተውን አጥንት ቈርጠው ያወጣሉ። ከዚያም ከቅልጥም ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሩ ወስደው በመንጋጋ ቅርጽ ያበጁታል፤ በብረትም ያያይዙታል፤ የደም ሥሩንም በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ከአንገት የደም ሥር ጋር ይሰፉታል። ይህን ስልት አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ሂዳልጎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በጽሑፍ ገለጠው። የሰውነትን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ወፍራሙ አጥንት ነውና፣ በሽተኛው ሲያገግም በእግሩ ይሄዳል።

ሆኖም ከጥገና ጥንቃቄ ይሻላል። ከቤተ ሰባችሁ በአፉ ወይም በአንገቱ ላይ ጨረር የታዘዘለት ቢኖር፣ አስቀድሞ ጥርሱን ይመርመር፤ የማይድነው ጥርስ ይነቀልና ቍስሉ ይሻር። ከጨረሩ በኋላም ጥርሱን ቢያመው፣ በጨረር መታከሙን ለጥርስ ሐኪሙ ሳይነግር አያስነቅል። ይህች አንዲት ቃል መንጋጋን ልታድን ትችላለች።