የመምህርት ሕይወት በለቅሶ ሌሊት ተጽፎ አያልቅም

ሰው ሲያርፍ፣ ቀብሩ ላይ አንድ ወረቀት ይነበባል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት፣ በዚህ የሥራ መደብ አገለገሉ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ዐረፉ። ወረቀቱን ሌሊቱን ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያዘጋጀው ከቤተሰቡ ጥሩ ይጽፋል የተባለ ሰው ነው። የአክብሮት ልማድ ነውና ሊቀር አይገባም። ይሁንና አጻጻፉ ሹመት፣ ዕድገትና ዝውውር ለነበረው ሰው የተበጀ ነው። ዕድሜዋን አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ስትሞት ወረቀቱ የሚለው ያጣል፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ መስመር ያልቃል።

ዝነኞቹም አላመለጡም። ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ለሴት ልጆች ትምህርት ደክመዋል። ስማቸው ሲነሣ ግን የሚቀድመው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል መሆናቸው ነው። ሹመት በቀን ተቆርጦ ስለሚመዘገብ ለማስታወስ ይመቻል፤ ማስተማር ግን የሚታየው በተማሪው ላይ፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የእናቴ እናት መምህርት ነበሩ። መምህራን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ አብረው አቁመዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ቀን ልጆችን፣ ማታ የልጆቹን እናቶች ያስተምሩ ጀመር። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። የቀብራቸው ወረቀት ላይ «በዘመቻው ተሳትፈዋል» ተብሎ ታለፈ።

በሠልስቱ ዕለት አንዲት አሮጊት ተነሥተው ተናገሩ። ቀበሌ በሄዱ ቁጥር አውራ ጣታቸውን ቀለም ይነክሩ ነበር። አያቴ የአሮጊቷን እጅ በእጃቸው ይዘው ጠመኔ አስጨበጧቸው። ከዚያ በፊት ልጃቸው ከግንባር የሚልከውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። «የመጨረሻዋን ደብዳቤ ግን በሬን ዘግቼ ብቻዬን አነበብኳት» አሉ። ቤተሰቡ ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም። የአያቴ የሕይወት ታሪክ ልብ ይህ ሆኖ ሳለ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል።

አያቴ ጡረታ ከወጡ በኋላም ማስተማር አላቆሙም ነበር። ክረምት ሲገባ የሰፈሩን ልጆች በረንዳ ላይ ይሰበስቡ ነበር። ልጅ ፊደሉን እንደ ዘፈን አንበልብሎ ሲወጣው ደስ አይላቸውም ነበር፤ «እስቲ ይቺ ማናት?» ብለው ከመሀል ነጥለው ያመለክቱ ነበር። ዜማውን የያዘ ልጅ እዚያ ጋ ይይዘዋል፣ ከ«ሀ» ተነሥቶ ካልቆጠረ አይደርስባትም። ትክክል ነበሩ፤ ማንበብ የሚጀመረው ፊደሏን ብቻዋን ስታገኛት ስታውቃት ነው። ዕድር ላይም ያው ነበሩ። ሒሳቡ በጥድፊያ ሲነበብ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ድገመው» ይሉ ነበር፤ ጸሐፊውም ይደግም ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በስልክ የምንልክላቸውን መልእክት ግድፈቱን ነግረውን ነበር መልስ የሚሰጡን። እኔ ዛሬ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የምፈራው ዓይን የሳቸው ነው።

እንዲህ ያለው ታሪክ መጻፍ ያለበት ባለታሪኩ በሕይወት ሳለ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ታሪክ መጻፍ ሟርት ነው የሚሉ ግን አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሆኖም አልቀበለውም። ሟርት የሚሆነው ሞቱን ማሰብ ነው፤ እዚህ የሚጠየቀው ሥራው ነው። ለቅሶ ቤት የሚጽፈው ሰው ጊዜም መረጃም የለውም፤ ምስክሮቹም በየአገሩ ተበትነዋል። ስለዚህ የመምህርትን ታሪክ መጻፍ ያለባቸው ተማሪዎችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ባለታሪኳ እያረመች።

የ1966ቱን አድማ ያዩ፣ በ1971 የማታ ክፍል የቆሙ መምህራን ዛሬ ሰባውንና ሰማንያውን አልፈዋል። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አንዲት ካሉ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁን መቅጃው ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ስላስተማሩት ክፍል ጠይቋቸው፤ የተማሪዎቻቸውንም ስም አስቆጥሯቸው። ከዚያ ተማሪዎቹን ፈልጉ።