የጠጕር መርገፍና ሕክምናው፤ መንሥኤውን ማወቅ ይቅደም

የራስ ጠጕር የመልክ ጌጥ ስለ ሆነ፣ ሲሳሳና ሲረግፍ ባለቤቱን ማሳሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ሆዱን ወይም ዓይኑን ባመመው ጊዜ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሰው፣ ጠጕሩ በረገፈ ጊዜ ግን ወደ ገበያ መሄዱ ነው። አንዱ በጠርሙስ የተሸጠለትን ቅባት ይቀባል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ያሻል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለጎረቤቱ የበጀውን መድኃኒት ለራሱም ያደርጋል። የጎረቤቱ ሕመም ከእርሱ ሕመም ጋር አንድ መሆኑን ግን ማን ነገረው?

አሳባችንን አስቀድመን እንግለጥ። የጠጕር መርገፍ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የብዙ ምክንያቶች ምልክት ነው እንጂ። ስለዚህ መንሥኤውን ሳያውቁ መድኃኒት መፈለግ ገንዘብንም ጊዜንም በከንቱ ማባከን ነው። ከዚህ ስሕተት የተነሣ አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ ትምህርት ቤት የዋለው ሕፃን ስለ ሆነ፣ ቃላችንን ከሁሉ በፊት ለመምህራን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ በጤነኛ ሰው ራስ ላይ የሚሆነውን እንመልከት። የአንድ አዋቂ ሰው ራስ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጠጕር አለው። እያንዳንዱ ጠጕር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደገ ጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ ከዚያም 3 ወር ያህል ዐርፎ ይወድቃል፤ ከዚያው ሥር ሌላ ይተካል። በዚህ ምክንያት በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጕር ቢረግፍ የተፈጥሮ ሥርዐት ነውና በማበጠሪያው ላይ ጥቂት ጠጕር ያየ ሰው ሊደነግጥ አይገባውም። ሊያስብ የሚገባው ከወትሮው እጅግ በዝቶ ሲረግፍ፣ ወይም በአንድ ስፍራ ብቻ ተራግፎ ቆዳው ሲታይ ነው።

በልጅ ራስ ላይ ክብ የሆነ ራቁት ስፍራ በታየ ጊዜ ብዙ ሰው «ላሽ ነው» ብሎ ይደመድማል። በዚህ አንድ ስም ግን ባሕርያቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ሕመሞች ይጠራሉ። አንደኛው ሰውነት የራሱን የጠጕር ሥር በስሕተት እንደ ባዕድ ቈጥሮ በመዋጋቱ የሚመጣው ነው። ራቁቱ ስፍራ ለስላሳ ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም። ስፍራው ትንሽ በሆነ ጊዜ ጠጕሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሐኪምም በሚቀባ ወይም በቆዳው ውስጥ በሚወጋ መድኃኒት ሊረዳው ይችላል። በዚህ ሕመም የተያዘውን ልጅ ከጓደኞቹ መለየት ምንም ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው በትክክለኛ ስሙ ቆረቆር የሚባለው ነው። ይህ የሚመጣው ፈንገስ ከሚባል፣ ዓይን ከማያየው የሻጋታ ወገን ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች በተደረጉ ምርመራዎች ዘወትር የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ዐይነት ሲሆን፣ የሚኖረውም በሰው ላይ ነው። ምልክቱ ቅርፊትና ማሳከክ ነው፤ ጠጕሩም ከቆዳው አፍ ላይ እየተሰበረ ጥቋቁር ነጥብ መስሎ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ስፍራው አብጦ መግል ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ተራ እባጭ በምላጭ መብጣት አይገባም። ተላላፊነቱ በጋራ ማበጠሪያ፣ ባልተቀቀለ መላጫ፣ በባርኔጣ፣ በሻሽ፣ በትራስና ራስ ለራስ በመነካካት ነው።

በቆረቆር የተያዘ ሕፃን ከሕመሙ ይልቅ በሰው አስተያየት ይጎዳል። ጓደኞቹ በሕመሙ ስም ይጠሩታል፤ በአንድ ወንበር አብሮት ሊቀመጥ የሚወድ አይገኝም፤ እርሱም ኀፍረቱን ለመሸፈን ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አያወርድም። ከዚህም ብሶ «ድነህ ተመለስ» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሰደድበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርግ መምህር ሌሎቹን ልጆች ለመጠበቅ ማሰቡን እናውቃለን። ነገር ግን ማሰናበቱ ስሕተት ነው ብለን በግልጥ እንናገራለን።

ስሕተት የምንልበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ራቁቱ ስፍራ ለዓይን በታየ ጊዜ ፈንገሱ ከልጁ ጋር ብዙ ቀን ሰንብቷል፤ ምልክት ሳይታይባቸው ፈንገሱን በራሳቸው ላይ የሚሸከሙ ልጆችም አሉ። ስለዚህ አንዱን በማባረር ክፍሉ አይጸዳም። ሁለተኛ፣ ሕክምናው ሳምንታት ስለሚፈጅ የተባረረው ልጅ ትምህርቱ ያልፈዋል፤ ከቤቱ ሠፈር ልጆች ጋር መጫወቱን ግን አይተውም። ሦስተኛ፣ የአንዱን መባረር ያዩት ሌሎች ሕመማቸውን መደበቅ ይማራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው በእነርሱ ላይ ይፈጸማል። ትክክለኛው መንገድ ልጁ በሐኪም ታይቶ መድኃኒቱን በጀመረ ጊዜ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

የቆረቆር መድኃኒት የሚዋጥ እንጂ የሚቀባ ብቻ አይደለም። ፈንገሱ በጠጕሩ ሥር ውስጥ ስለሚቀመጥ ቅባት አይደርስበትም፤ በደም በኩል ወደ ሥሩ የሚሄድ ክኒን ያስፈልጋል። ግሪሴዮፉልቪን የተባለው ክኒን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር በየቀኑ ይወሰዳል። ተርቢናፊን የተባለውም ያገለግላል። መጠኑን እንደ ልጁ ክብደት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ፈንገስ በሚገድል ሳሙና ራስን ማጠብ ክኒኑን አይተካም፤ ነገር ግን ወደ ሌሎች መተላለፉን ይቀንሳል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ወላጆች ማሳከኩ ጋብ ሲል ክኒኑን በማቋረጣቸው ነው፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል። ወንድሞችና እኅቶችም አብረው ሊታዩ ይገባል።

«ይህን ያህል ሳምንት ከምንታገሥ ፈጥኖ የሚያድን ለምን አይፈለግም?» የሚል ቢኖር፣ ከዚህ በፊት በሌላ አገር የደረሰውን እንንገረው፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ክኒኑ ከመገኘቱ በፊት ፈጣኑ የቆረቆር ሕክምና ራጅ ነበር። ሳቡሮ የተባለው የፓሪስ ሐኪም በ1904 ይህን ዘዴ አስተዋወቀ። ጨረሩ የልጁን ጠጕር ሁሉ ያረግፋል፤ ከጠጕሩም ጋር ፈንገሱ ይወገዳል፤ ቆይቶ አዲስ ጠጕር ይበቅላል። ዘዴው በብዙ አገሮች ተሠራበት። በእስራኤልም ከ1948 እስከ 1960 ባለው ጊዜ፣ አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሆኑ በሺሕ የሚቈጠሩ ሕፃናት በራጅ ታከሙ። ቆረቆሩ ለቀቃቸው። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በአንጎልና በታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚወጣ እባጭና ነቀርሳ በእነርሱ ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ በዝቶ መገኘቱን በ1974 የወጣ የሐኪሞች ጥናት ገለጠ። የአገሩም ምክር ቤት በ1994 ለተጎዱት ካሳ የሚያሰጥ ሕግ አወጣ።

ይህን የምንጠቅሰው ራጅ ዛሬም ለቆረቆር ይሠራበታል ብለን አይደለም፤ በ1958 ግሪሴዮፉልቪን በአፍ ተወስዶ ቆረቆርን እንደሚያድን ከታወቀ ወዲህ ያ ዘዴ ቀርቷል። የምንጠቅሰው ለትምህርት ነው። ቆረቆር ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። እፍረቱን ፈጥኖ ለማስወገድ ሲባል ልጅን ለባሰ ጉዳት መስጠት አይገባም። በሕፃን ራስ ላይ ነጭ ጋዝ የሚያፈስሰው ወይም ቆዳ የሚያቃጥል ነገር የሚለቀልቀው ሰው በዚያው ችኰላ ውስጥ ነው። የተቃጠለ የጠጕር ሥር ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳም ጠጕር አያበቅልም።

አሁን ስለ ልጃገረዶች ጥቂት እንበል። ሹሩባ የአገራችን ጌጥ ነውና ይቅር አንልም። ነገር ግን ግንባሯ እስኪወጠር ድረስ የተሠራች ልጅ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ጠጕሯ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በላይ ባለው ስፍራ እየሸሸ ይሄዳል። ይህ ሕመም በሐኪሞች መጽሔት የተጻፈው በ1907 ሲሆን፣ የታየውም ጠጕራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው ያስሩ በነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው እንጂ የአንድ ሕዝብ ጠጕር አይደለም። በጊዜ ከተላላ ጠጕሩ ይመለሳል፤ ብዙ ዓመት ከቆየ ግን ሥሩ ስለሚሞት የሚመልሰው ቅባት የለም። ሰው ሠራሽ ጠጕር መቀጠልና በኬሚካል ማለስለስ ጉዳቱን ያብሱታል። እናቶች አንድ ደንብ ቢይዙ ይበቃል፤ ይኸውም ያሳመመ ሹሩባ የጠበቀ ሹሩባ ነውና ወዲያው ይላላ የሚለው ነው።

ብርቱ ትኵሳት የያዘው፣ የተቀደደ ወይም የወለደች ሴት፣ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ጠጕራቸው በእፍኝ ሲረግፍ ይደነግጣሉ። ሰውነት በጭንቁ ጊዜ የብዙውን ጠጕር ዕድገት አቁሞ ነበርና ያ ሁሉ በአንድነት ይወድቃል። ሥሩ ስላልሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ ይተካል፤ የሚያስፈልገውም ትዕግሥትና ጥሩ ምግብ ነው። መርገፉ ከ6 ወር በላይ ከዘለቀ ግን የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሕመም እንዳይሆን በሐኪም መመርመር ይገባል።

በዘር የሚመጣው በራነት የአብዛኞቹ ወንዶች ዕጣ ነው፤ ሴቶችንም በመሐል ራሳቸው ላይ በማሳሳት ይነካል። በሽታ ስላልሆነ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ማከም የሚወድ ቢኖር፣ መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን የነበረው ሚኖክሲዲል የሚቀባ ሆኖ በ1988፣ ፊናስቴራይድ የተባለው የወንዶች ክኒንም በ1997 በአሜሪካ ለዚሁ ተፈቅደዋል። ውጤታቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር በኋላ ነው፤ ሲቋረጡም ያበቀሉት ጠጕር ይረግፋል። ፊናስቴራይድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው አይገባም። «በአንድ ሳምንት ጠጕር አበቅላለሁ» የሚለውን ሻጭ ግን ከዚህ ከተናገርነው ጋር አመዛዝኑት።

ለመምህራን የምናቀርበው ልመና እንግዲህ ይህ ነው። በራሱ ላይ ቅርፊት ወይም ራቁት ስፍራ ያለበትን ልጅ ባያችሁ ጊዜ በክፍሉ ፊት አትናገሩት፤ ለብቻው ጠርታችሁ ወላጆቹን አስመጡና ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ምሯቸው። መድኃኒቱን በጀመረ ጊዜ ወደ ወንበሩ መልሱት። በሕመሙ ስም የሚሰድቡትን ገሥጹ። ማበጠሪያ፣ ባርኔጣና ሻሽ መዋዋስ የማይገባ መሆኑን ለሁሉም አስተምሩ። ጠጕር ቆራጮችም መሣሪያቸውን ከሰው ወደ ሰው ሳያጸዱ እንዳያሻግሩ የከተማው ሰው ሁሉ ይጠይቅ። ጠጕሩ በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። በእፍረት ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ግን ተመልሶ መምጣቱን የሚያረጋግጥልን የለም።