ሳይጻፉ ስለሚቀሩ ሕፃናት

ካሳ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች በከላላና በመካነ ሰላም ዙሪያ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ የተለመዱ ናቸው። እንግዳ ሰው ስሙን ሰምቶ ያማረ ስም ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ልጅ ተወልዶ እንደ ነበረና እንደ ሞተ ያውቃል። ያ የፊተኛው ሕፃን በምን ቀን እንደ ተወለደ፣ ስንት ቀን እንደ ኖረ፣ ጡት መያዝ የተሳነው ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ የተጻፈበት ወረቀት ቢፈለግ አይገኝም። ለመኖሩ ምስክር ሆኖ የቀረው የወንድሙ ስም ብቻ ነው።

ነገሩ የእናቲቱ ኀዘን ብቻ ሆኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባልተነገረም ነበር። ነገር ግን ስለ ሕፃናት ደዌ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከተጻፈ ነገር ስለ ሆነ፤ ያልተጻፈ ሕፃን ሞቱ ለሌላው ሕፃን መዳኛ ሊሆን አይችልም። ባለሥልጣኖችና ካህናት ሊያስቡበት የሚገባውም ይህ ነው።

አስቀድሞ መንግሥትና ሕዝብ የደከሙበት ፍሬ ሊመሰገን ይገባል። በ1992 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፤ በሕይወት ከተወለዱት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን ይህ ቍጥር ወደ 67 ወርዶ ተገኘ። ክትባቱና በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ያመጡት ለውጥ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የወረዱት፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገውም አነስተኛ ጥናት 33 ሆነው ታዩ። በአማራ ክልል በ2008ቱ ጥናት ቍጥሩ 47 ሲሆን ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነበር። እንግዲህ የአራት ዓመቱን ልጅ ያዳነው ጥበብ የአራት ቀኑን ልጅ ገና በሚገባ እንዳልደረሰለት ከዚህ ይታወቃል።

የአራት ቀኑን ልጅ የሚገድለው ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ የአገሩ ሐኪሞች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ 4,919 ሕፃናትን በአምስት ሆስፒታሎች፤ ማለት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጋንዲ፣ ከዚህም ሌላ በጎንደርና በጅማ ተከታተሉ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ከ3,852ቱ መካከል 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ዐረፉ። ወላጆቻቸው ለፈቀዱላቸው ሕፃናት ሬሳው ሳይቀር ተመርምሮ ምክንያቱ ተለየ፤ ሳንባቸው ገና ሳይጠና በመወለዳቸው መተንፈስ ተስኗቸው የሞቱት ከመቶ 45 ያህል፣ በተላላፊ ደዌ የሞቱት 30 ያህል፣ በምጥ ጊዜ በመታፈን የሞቱት 14 ያህል ሆነው ተገኙ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስተውሎ ለሚያነብ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ቃል ነው። ከሞቱት ከ1,109ኙ በ770ዎቹ ላይ ለሞቱ አጋዥ ምክንያት ሆኖ የተገኘው የገላ መቀዝቀዝ ነው።

ብርድ ሰውን እንደሚጎዳ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ የደጋ ሰውማ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ግድግዳና ጣራ ባለው፣ ሐኪምና ነርስ በሚመላለሱበት ሆስፒታል ውስጥ ብርድ ይህን ያህል ሕፃን ለመግደል ካገዘ፤ ጭጋግ በማይለየው በከላላ ደጋ በክረምት ሌሊት በሣር ቤት ውስጥ የተወለደውን፤ እንደ ልማዱም ወዲያው ውሃ የፈሰሰበትን ሕፃን እንደምን ያደርገው ይሆን? ይህን የመረመረው ሰው የለም።

ስለ ብርዱ የሚሆነው መድኃኒት ደግሞ ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚመጣ አይደለም። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን በአዲስ አበባ በሁለት ወገን ከፍለው ሲመረምሩ፤ ራቁታቸውን በእናታቸው ደረት ላይ ተጣብቀው እንዲውሉና እንዲያድሩ የተደረጉት ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት ተረፉ፤ ይህም በ1997 ዓ.ም. ታትሟል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሌሎች አምስት አገሮች የተደረገው ምርመራ፤ ይህ ነገር ሕፃኑ እንደ ተወለደ ሳይዘገይ ቢጀመር ከአራት ሞት አንዱን ያህል እንደሚያስቀር አስረዳ። የእናት ደረት በከላላም አለ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1989 ዓ.ም. በታተመው በዶክተር ሉሉ ሙሄና በባልደረቦቻቸው ጥናት፤ የሳንባ ምች ከያዛቸው ከ500 ሕፃናት 210ሩ አጥንታቸው የለፈሰፈሰ ሆኖ ሲገኝ፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው ከሌሎቹ 500 ግን እንዲህ ያሉት 20 ብቻ ነበሩ። አጥንትን ከሚያለፈስፉት ነገሮች ዋናው የፀሐይ ማጣት ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ሕፃን ፀሐይ ያጣል ማለት ለውጭ አገር ሰው ተረት ይመስለዋል። ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያገኘዋል ተብሎ ሕፃን ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት የሚከርምበትን ልማድ የሚያውቅ ግን አይገረምም። እናቲቱን ስለዚህ መንቀፍ አይገባም፤ እርስዋ የምታደርገው ከክፉ ለመጠበቅ ነውና። የሚነግራት ሰው ሐኪም ብቻ ከሆነ እሺ ብላ ወደ ቤቷ ገብታ እንደ ቀድሞው ትጠቀልለዋለች፤ የነፍስ አባቷ ወይም የመንደሩ ሼህ ቢነግሯት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የተመሰገኑ ቢሆኑም፤ ተመርማሪዎቹ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል ለመድረስ የታደሉት ናቸው። በከላላ ከገደል ሥር ካለ መንደር ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ጥርጊያው መንገድ ማውጣት ራሱን የቻለ ጕዞ ነው፤ መካነ ሰላም ሆስፒታል ደርሳ ወደ ደሴ ሂጂ ብትባል ደግሞ ሌላ ረጅም መንገድ ይጠብቃታል። ከዚህ የተነሣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደው የዚህ አገር ሕፃን ከ4,919ኙ ጋር አልተቈጠረም። ጎንደር ሄዶ የታከመ ሕፃን ያለበትን ሁኔታ አይቶ በከላላ ጎጆ ውስጥ ያለውን እንዲህ ነው ብሎ መፍረድ ደግሞ ከእውነት ሊያርቅ ይችላል።

ገጠሩን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መቍጠር ምን እንደሚያስገኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዓባይ ማዶ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች የዓይን ማዝን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት ለመንደር ሰው ያድሉ ነበር። ከመንደሮቹ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን አስቀድመው፣ አንዳንዶቹ ዘግይተው እንዲቀበሉ በዕጣ ተለይተው ነበርና፤ የቤተሰቡም ሰው ቍጥር በየቤቱ ተጽፎ ስለ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። መድኃኒቱን በተቀበሉት መንደሮች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ሞት ካልተቀበሉት ወደ ግማሽ አንሶ ተገኘ። ሰዎቹ የሄዱት ለዓይን ነበር፤ የልጆቹን ሕይወት ነገር የገለጠው መዝገቡ ነው። ይህም በ2009 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታትሞ ከወጣ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ ሰፊ ምርመራ ተደርጎ፤ ጥቅሙ እንደ መጀመሪያው ባይበዛም እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። የአንድ የጎጃም ወረዳ መዝገብ ለሦስት አገር ጥያቄ ሰጠ ማለት ነው። በሰሜን ሸዋም በአንጎለላ ጠራና በቀወት ከ2010 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ብርሃን የተባለው የምርምር ጣቢያ በ16 ቀበሌዎች ከ77 ሺሕ የሚበልጠውን ሕዝብ በየቤቱ እየዞረ ልደቱንና ሞቱን ይጽፋል።

ታዲያ በከላላ የሚጽፍ ጠፍቶ ነው? የአዋጁ ቃልስ አልጎደለም። አዋጅ ቍጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ሥራውም በመላው አገር ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል። የሚጎድለው ሌላ ነው። ከሚሞቱት ጨቅሎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የክርስቲያን ልጅ ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል፤ የእስላም ልጅም በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ወጥቶለት ስም ያገኛል። በሦስተኛው ቀን የሞተው ግን ከሁለቱም አልደረሰም። ፍትሐት የለው፣ ለቅሶ የሚቀመጥለት የለ፤ ሴቶች በጓሮ በኩል ይዘውት ወጥተው ይቀበራል። ስም የሌለውን ሰው በየትኛው ስም ያስመዘግቡታል? አባትየውም ለሞተ ልጅ ቀበሌ ድረስ ሄዶ የልደት ወረቀት ማውጣት እንደ ቀልድ ይታየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከባለሥልጣኖች ወገን ነው፤ ይህንም መሸፋፈን አይገባም። የቀበሌው ሞት ሲበዛ የጤና ሠራተኛዋ የምትወቀስ ከሆነ፤ ሲያንስ ደግሞ የምትመሰገን ከሆነ፤ ምን እንደምትጽፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። እንዲህ ያለው ሪፖርት ወረቀቱን ያሳምራል፤ ሐኪሙን ግን ዕውር ያደርገዋል።

አንዳንድ ሰው «እግዚአብሔር ሰጠ፤ እግዚአብሔር ነሣ፤ የሞተን ሕፃን ነገር መጠያየቅ ቍስል መነካካት ነው» ይላል። ይህ ከደግ ልብ የሚወጣ ቃል ነው፤ ስለ አጠያየቁም ብዙ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እውነት ነው። እናቲቱ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ወረቀት ይዞ በርዋን የሚያንኳኳ መርማሪ የሚያገኘው ዕንባና ቍጣ ነው። የሠለጠኑት መርማሪዎችም ጥቂት ሳምንታት ቈይተው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ በዝግታ ነው የሚያናግሩት። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ቤቱ የሚገባ አንድ ሰው አስቀድሞም አለ፤ ይኸውም አራሲቱን ጠበል ሊረጭ፣ ቤተሰቡንም ሊያጽናና የሚሄደው ካህን ነው። በእስላሙም ቤት ሼሁ አለ። እነርሱ የሚያውቁትን ቀበሌው አያውቀውም።

እንግዲህ የአጥቢያው ካህንና ሼህ የተወለደውንና የሞተውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቃል እንኳ ቢነግሩ፤ እርስዋም ስሙ ቢጠፋ በእናቱ ስም ጽፋ ስንት ቀን ኖረ፣ ጡት ያዘ ወይስ አልያዘም፣ ገላው ቀዝቅዞ ነበር ወይስ ተቃጥሎ፣ ሲወለድ አለቀሰ ወይስ ዝም አለ የሚለውን ብታስከትል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከከላላና ከቦረና ደጋ የሚወጣው መዝገብ ሐኪሞች የሚፈልጉትን ይሰጣል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ በደሴም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያስተምራል። መምህራኑ ለመመረቂያ የሚሆን ጥናት ከሆስፒታል ካርድ ብቻ እየቀዱ ከሚያስጽፉ ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ መዝገብ ቢልኩ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

የወረዳውና የዞኑ ሹማምንት ግን አንድ ነገር አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። ይህ ሥራ በእውነት ከተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት የከላላ ሕፃናት ሞት በወረቀት ላይ ይበዛል። ስብሰባ ላይ ቍጥሩ ሲነበብ የጤና ሠራተኛዋ ተነሥታ እንድትመልስ ይጠሯት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሊጠይቋት የሚገባው ስለ ምን በዛ ብለው ሳይሆን፤ ከእነዚህ ውስጥ በብርድ የሞቱት ስንት ናቸው ብለው ነው።