የአንድሮሜዳው የሐሰት ማንቂያ

እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2014 ስዊፍት የተባለው ሳተላይት ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ አቅጣጫ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ምልክት መታየቱን አስታወቀ። ወሬው በሰዓታት ውስጥ ተዛመተ። ሆኖም የታየው የኤክስሬይ ምንጭ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ብሩህነቱም በመጀመሪያው ስሌት ተጋንኖ የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በመነሣት ማንቂያው የሚነሣበትን ዝቅተኛ መጠን ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው። በ2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሐዱ፣ የስበት ሞገዱ ከደረሰ 1.7 ሰከንድ ያህል ቆይቶ በፈርሚ ቴሌስኮፕ የተመዘገበው ፍንዳታ ራሱ ደብዛዛ ነበር። ጥብቅ ወንፊት እንዲህ ያለውንም ሊያስቀር ይችላል።

ስለዚህ ማንቂያው እንደ ወትሮው ይፍጠን። መታረም ያለበት መልእክቱ ነው፦ በዚያው አቅጣጫ የታወቀ ምንጭ መኖር አለመኖሩና የስሌቱ እርግጠኝነት መጠን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሊገለጹ ይገባል።