አርብ ገበያ፣ ቅዳሜ ለቅሶ፣ እሑድ ስብሰባ

ባለፈው ሐሙስ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለና «ቅዳሜ ለቅሶ አለብን፤ እሑድ ጠዋት የዕድር ስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መልስ ተጠርተናል፤ እንዳትቀር!» አለኝ። እንደ ልማዴ «እሺ» አልኩ። ልጄ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች «አባዬ፣ ይሄ እሑድ የኛ ነው የሰው?» ብላ የጠየቀችኝ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ዛሬ እሷም ሥራ ይዛለች፤ ምሳ ስጠራት «እሑድ አይመቸኝም» ትላለች። ከማን ተማረችው?

የተወለድኩት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው፤ እንደ ማክሰኝት፣ እንደ ሮቢት ስሙን ከገበያ ቀኑ ያገኘ ከተማ። ዓርብ አባቴ ገበያ ውሎ፣ ጨውና ቡናውን ይዞ ሲመሽ ይገባል። እናቴ በዚያው ምሽት ለሁለት ቀን የሚበቃ ዱቄት ትፈጫለች፤ በሰንበት አይፈጭማ! (ሴቶቹ የሰንበትን ዕዳ ዓርብ ማታ ወፍጮ ላይ ይከፍሉት እንደነበር የምናነሣ ስንቶቻችን ነን?) በማግስቱ በሬ አይጠመድም። አባቴ ቤት ነው። ብዙ አያወራም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እኛን በየተራ ይጠራና እግራችን ላይ የተሰካውን እሾህ በወረንጦ ያወጣል። ሌላ ቀን በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ሰው ነበር። ፊቱን የማውቀው በቅዳሜና በእሑድ ነው።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ «ገበሬውን ያደኸየው የበዓል ብዛት ነው» የሚለውን ተማርኩ፤ መምህር ሆኜም አስተማርኩት። ፊደል ስንቆጥር መጀመሪያ ያፌዝነው በአባቶቻችን ዕረፍት ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ለመቶ ዓመት ያህል ተከራክረዋል፤ ተገፍተዋል። እሳቸው ራሳቸው አገር ጥለው አርመን ምድር ነው ያረፉት። በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። ሄንሪ ፎርድ ለፋብሪካ ሠራተኞቹ ሁለት የዕረፍት ቀን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው! እኛ ግን «ዊክኤንድ» እያልን፣ ከፈረንጅ የተዋስነው ይመስል እንበትነዋለን።

ሕጉም አልከፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ቢያንስ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ያልተቋረጠ! የጥበቃውንና የአስተናጋጇን ነገር እዚህ አልጨምርም፤ የነሱን ሰንበት የሚወስድባቸው አሠሪ ነው። የኔ ጠብ ከኛ፣ ከተማርነው ጋር ነው። የኛን ማን ወሰደብን? እኔ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ብዬ ለዓመታት ቅዳሜና እሑድ አስተምሬያለሁ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻ አንሥቼ፣ ምን ዓይነት አባት ነበሩ እያልኩ ቅዳሜ ጠዋት ስተነትን ልጄ ቤት ውስጥ ከሞግዚት ጋር ነበረች። ገንዘቡ ምን እንደ ሆነ እንኳ አላስታውስም።

ይህን ስናገር «ማኅበራዊ ሕይወታችንን ልታጠፋ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ሐዘንተኛ አይጎብኝ አላልኩም፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤት መቀመጥ ግዴታ ነው። ነገር ግን ስሙን ለማናውቀው ሟች፣ «ማን መጣ፣ ማን ቀረ» ለሚል መዝገብ ብለን ስንት ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት ዋልን? ፈረንጅ ብቸኛ ነው፣ እኛ ቤተሰብ ወዳድ ነን እያልን የምንኮራ አባቶች የልጃችንን የክፍል ጓደኛ ስም ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? ቤት የዋልን ቀንም ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው።

እናቴ አርብ ገበያ ናት። «መቼ ትመጣለህ?» ስትለኝ «እሺ እምዬ፣ አንድ ሰፋ ያለ ቅዳሜና እሑድ ላግኝ» ስል ዓመታት አለፉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያን ሰፋ ያለ ቅዳሜና እሑድ ገና አላገኘሁም ነበር። አሁን ጊዜ ሲኖር መንገዱ ያሠጋል፤ የምንገናኘው በስልክ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር። «ልጄ፣ በሰንበት እንኳ ቤትህ ትውላለህ?» አለችኝ ባለፈው። ዋሸኋት።

ዓርብ ማታ ለባልደረባዬ መልሼ ደወልኩና ለቅሶው ቤት ሌላ ቀን ብቻዬን እንደምደርስ፣ ስብሰባውም መልሱም ላይ እንደማልገኝ ነገርኩት። «አሞሃል?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ተቀይሟል መሰለኝ፤ እስካሁን አልደወለም።