የጎረሰ አፍም ይናገር

«ባጎረስኩ ተነከስኩ» የሚለው ተረታችን ሁልጊዜ የሚነገረው በአጉራሹ አፍ ነው። ጎራሹ ለምን እንደነከሰ ጠይቆ የተረተ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጉርሻው ያቃጥል እንደሆነ፣ አጥንት ይኑርበት እንደሆነ፣ አጉራሹስ በሌላው እጁ ምን ያደርግ እንደነበር ተረቱ አይነግረንም። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ስለ ሌላው እጅ ነው።

የማነሣው በሰው እጅ ስለሚታጠቡ፣ በሰው እጅ ስለሚጎርሱ፣ በሰው ትከሻ ከአልጋ ስለሚወርዱ ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት በየቤታቸው፣ በእናትና በእህት ጫንቃ ላይ ነው፤ ሌሎቹ መንግሥት፣ የሃይማኖት ድርጅት ወይም በጎ አድራጊ ባቆማቸው መጠለያዎች ውስጥ ናቸው። ስለ እነርሱ በየመድረኩ ብዙ ይባላል፤ ጨምቀን ስናየው ግን የሚባለው ሁሉ «እንርዳቸው» የሚል ነው። መርዳቱን ማን ይጠላል? ከተረዱ በኋላ በረጂው ቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ነገር ግን ጠያቂ የለም። ጠያቂ ቢገኝ እንኳ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «እነዚህ ደጋግ ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጣቸው ነበር?»

ይህችን አባባል ከልቤ እጠላታለሁ። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ጥያቄ አይደለችም፤ አፍ መዝጊያ ናት። ስትፈታ፣ «ከጎዳና ያነሣንህ ስለሆነ ከጎዳና የተሻለ ነገር ሁሉ ይበቃሃል» ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድንማ፣ ሆስፒታል ገብቶ የማይገባውን መርፌ የተወጋ ሕመምተኛም «ሐኪም ባይኖር ኖሮ ትሞት አልነበር?» ሊባል ነው። ለሕመምተኛው የማንለውን ለአካል ጉዳተኛው የምንለው፣ አንደኛው አገልግሎት፣ ሁለተኛው ምጽዋት የተቀበለ ስለሚመስለን ነው። ምጽዋት የተቀበለ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዝም ማለት አለበት።

ስለ በደል ስናስብ ቶሎ በዓይናችን የሚመጣው ዱላ ነው። ዱላ ግን የሞኝ በዳይ መሣሪያ ነው፤ ሰንበር ይተዋል። በሰው እጅ የወደቀን ሰው ለመቅጣት ዱላ አያስፈልግም። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከአልጋው ሁለት ክንድ ማራቅ ይበቃል። ሽንት ቤት ውሰዱኝ ሲል «መጣሁ» ብሎ አንድ ሰዓት መጥፋት ይበቃል። ሳህኑን የዓይነ ስውሩ እጅ ከማይደርስበት ማኖር፣ መስማት የተሳናት ልጅ በምልክት የምታወራትን አንዲት ጓደኛዋን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ይበቃል። ከእነዚህ አንዱም በሐኪም ማስረጃ ላይ አይሰፍርም። ተበዳዩም ልናገር ብሎ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማንኛችንም ብንሆን የምናስበውን ያስባል፦ «ዛሬ የምከሰው ሰው ነገ ጠዋት ገላዬን የሚያጥበኝ ሰው ነው።» ስለዚህ ዝም ይላል። እኛም ጎብኝተን ስንወጣ፣ «ደስተኞች ናቸው፤ አንድም ቅሬታ አልሰማንም» እንላለን። ለጽሑፍ ሥራ ገብቼ ባየኋቸው ቤቶች፣ ነዋሪዎቹ ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ አጠገቤ የቆመውን ኃላፊ እያዩ ነበር። ቅሬታ የሌለበትን ቤትና ቅሬታ የማይነገርበትን ቤት ለይተን ማወቅ አለብን።

«ይህ የክፉ ሰዎች ነገር ነው፤ የእኛዎቹ ደጎች ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። ደግነት ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሻገር ይበቃል። ጆሃንስበርግ በምትገኝበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር፣ ላይፍ ኤሲዲሜኒ የተባለ የግል ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ጽኑ የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ይንከባከብ ነበር። ኤሲዲሜኒ በዙሉ ቋንቋ «በክብር ሥፍራ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የክፍለ ሀገሩ ጤና መሥሪያ ቤት ወጪ ለመቀነስና ሰዎቹን «ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ» በሚል ውሉን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎች ከነበሩበት ተነሡ፤ ብዙዎቹም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተሰጡ። በ2017 መጀመሪያ የአገሪቱ የጤና እንባ ጠባቂ ፕሮፌሰር ማሌጋፑሩ ማክጎባ ያወጡት ሪፖርት፣ 27 ድርጅቶች በሙሉ ይሠሩ የነበረው ሕጋዊ ዋጋ በሌለው ፈቃድ እንደነበር አጋለጠ። ገሚሶቹ ክፍት ፒካፕ ይዘው መጥተው ሰውን እንደ ከብት ተራ መርጠው ወስደዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ያልነበራቸው ሰዎች በአንሶላ ታስረው ተጉዘዋል። በረሃብ፣ በውሃ ጥምና በቸልተኝነት ያለቁት ሰዎች ቁጥር በመጨረሻ 144 ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያንገበግበኝ የሟቾቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዘመዶቻቸው አስቀድመው ጮኸዋል፤ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ፍርድ ቤትም ደርሰዋል። ሰሚ አላገኙም። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ቢያንስ ሙታኗን ቆጥራለች። በ2018 የቀድሞው ምክትል ዋና ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ በግልግል ዳኝነት መንግሥት ለቤተሰቦቹ ካሣ እንዲከፍል ወስነዋል። በ2024 ደግሞ የአሟሟት ምርመራውን የመራችው ዳኛ፣ የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ የጤና ኃላፊና የአእምሮ ጤና ዳይሬክተሯ በቸልተኝነታቸው ለዘጠኝ ሰዎች ሞት ምክንያት መሆናቸውን አረጋግጣለች። ይህ ሊሆን የቻለው በሕግ ሥልጣን የተሰጠው፣ ከቤቶቹም ከመሥሪያ ቤቱም ውጭ የቆመ መርማሪ ስለነበረ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ ቢደርስ ማን ይቆጥር ነበር?

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ግዴታ ጥሎበታል። ልብ በሉ፤ ግዴታ እንጂ ምጽዋት አላለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 624፣ በሆስፒታል፣ በመጠለያ ወይም በመሰል ተቋም ውስጥ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ሰው በክብረ ንጽሕና የሚደፍርን ሰው ለይቶ ይቀጣል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 16፣ አካል ጉዳተኞች በቤት ውስጥም ሆነ ከቤት ውጭ ከጥቃትና ከብዝበዛ እንዲጠበቁ ያዝዛል፤ እነርሱን ለማገልገል የቆመ ማንኛውም ተቋም በገለልተኛ አካል መቆጣጠር እንዳለበትም ይደነግጋል። ሕገ መንግሥታችን የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላልና ይህም ሕጋችን ነው።

«ገለልተኛ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ። ቀጠሮ አስይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ለእርሱ የተነጠፈ አዲስ አንሶላ ነው። የተደፈረች መስማት የተሳናት ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ብትደርስ፣ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበው ከዚያው ቤት የመጣ ሰው ከሆነ ቃሏን ማን ሰጠ ይባላል? አንቀጽ 624 ምንም ያህል ቢከብድ፣ ተናጋሪ ካልተገኘ ከወረቀት አይነሣም።

«ድሃ አገር ነን፤ ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው» የሚለውን መልስ ስጠብቀው ነበር። እስቲ የምጠይቀውን እንቁጠረው። ሴትን ሴት ትጠባት። ሳይነግር የሚመጣ የውጭ ጎብኚ ይኑር፤ ነዋሪዎቹንም ኃላፊው በሌለበት ለብቻቸው ያነጋግር። ቅሬታ የሚሰማው ሰው ከቤቱ ደመወዝ የማይበላ ይሁን፤ በምልክት ቋንቋም የሚግባባ ይገኝ። እያንዳንዱ ሞትና ጉዳት በመዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡም ለውጭ ሰው ይከፈት። ነዋሪው የሚያጥበውን ሰው «ይህን አልፈልግም» ማለት ይቻለው። ከዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው የትኛው ነው?

የማላልፈው ሌላም ነገር አለ፤ ካሜራው ነው። ለመጠለያ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚል ስሙን መናገር የማይችልን ሰው ልብሱ ሳይስተካከል፣ ምራቁ ሳይጠረግ በቴሌቪዥንና በስልክ ለሕዝብ እናሳያለን። እኛ የገዛ ታማሚ አባታችን እንዲህ ሆኖ ቢታይ ካሜራውን እንሰብረው ነበር። የተቀረጸው ሰው ፈቅዷል ወይ ቢባል፣ እራቱን ከሚሰጠው ሰው ፊት «አይሆንም» የሚል ማን ነው? ፎቶግራፍ የእራት ዋጋ ሊሆን አይገባም።

ይህን ስል ተንከባካቢዎቹን እየወቀስኩ እንዳይመስል። ሌሊት ሙሉ ሲያገላብጡ አድረው ጠዋት የታክሲ ሒሳብ የሚቸግራቸው ሴቶች መኖራቸውን አውቃለሁ። አንዲት ሴት ለብዙ ሰው ብቻዋን የተመደበችበት ቤት ክፉ ልብ ባይኖርበትም በደል ይፈጠርበታል። ያልሠለጠነና ያልተከፈለው ሰው የሚደክመው በደካማው ላይ ነውና። የተቆጣጣሪ መኖር እርሷንም ይጠቅማታል፤ ሥራዋ ሲከብድ የሚያይላት፣ በሐሰት ስትከሰስም የሚመሰክርላት ያኔ ነው።

በሚመጣው በዓል ብዙዎቻችን በግና ዳቦ ይዘን ወደነዚህ ቤቶች መሄዳችን አይቀርም። መልካም ነው፤ እንሂድ። ስንሄድ ግን ኃላፊውን አንድ ነገር እንጠይቀው፦ «እዚህ የሚኖር ሰው እርስዎን መክሰስ ቢፈልግ ለማን ይናገራል?» ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጠን በጉን አስረክበን፣ ምርቃታችንን ተቀብለን እንመለስ። መልስ ካጣም በጉን እናስረክብ፤ ነዋሪዎቹ ምን በወጣቸው? ጥያቄውን ግን ይዘን ፈቃዱን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት እንሂድ።