ለሰም ብቻ የተደገሰ ድግስ

በቀድሞ ዘመን ነጋዴ ዕቃውን ከገበያ አውርዶ «እዩት፥ ዳስሱት፥ ዋጋውም ይህ ነው» ይል ነበር፤ ገዥም አገላብጦ፥ ጉድለቱን ፈልጎ፥ ተከራክሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ ግን የስልክ ኩባንያ አዲስ ስልክ ባወጣ ጊዜ፥ በሌጎስም ይሁን በአዲስ አበባ፥ የታላቅ ሆቴል አዳራሽ ይከራያል፤ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ በካርድ የተጠሩትን ብቻ ከበሩ ያሳልፋል። መብራቱ ይጠፋል፤ ቍጥር ወደ ኋላ ይቈጠራል፤ መጋረጃው ሲገለጥም ከመዳፍ የማይበልጥ ብርጭቆ እንደ ሙሽራ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ተጋባዡ ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ በእጁ የያዘውንም ስልክ ከፍ አድርጎ አዲሱን ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። የደጋሹም ፈቃድ ይኸው ነው፤ ሥዕሉ ከአዳራሹ ወጥቶ በየሰዉ እጅ እንዲዞርለት።

ይህ ድግስ የሚነቀፈው ስለ ዘፈኑ አይደለም፤ ስለ ወጪውም አይደለም። ኩባንያው በገንዘቡ ቢደግስ ማን ይከለክለዋል? (ወጪው ዞሮ ዞሮ ከስልኩ ዋጋ ላይ መደመሩ ባይቀርም።) የሚነቀፈው ምስጋናው ስፍራውን ስለሳተ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰም የወርቅ መያዣ ነው፤ ሰሙ ቢያምር የሚያምረው ለወርቁ ሲል ነው። በደብረ ወርቅ ወይም በዲማ ጉባኤ ሰሙ ብቻ ያሸበረቀ ቅኔ ያቀረበ ተማሪ ቢገኝ መምህሩ «ወርቁስ ወዴት አለ?» ብሎ ይመልሰዋል እንጂ ስለ ሰሙ አያመሰግነውም።

የስልክ ሰሙ ብርጭቆው፥ ቀለሙ፥ የካሜራው ብዛት ነው። ወርቁ ግን የሰው ቃል ከሰው መድረሱ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ባል አምቡላንስ መጥራቱ፥ ገበሬው ጤፉን ሳይጭን የገበያውን ዋጋ መስማቱ፥ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ልጅ እናቷን «እንዴት አደርሽ፥ እማ» ማለቷ ነው። በምርቃቱ ግብዣ ስለ ሰሙ አንድ ሰዓት ይነገራል፤ ስለ ወርቁ የሚጠይቅ የለም። እንዴትስ ይጠይቅ? ከፊት ወንበር የሚቀመጡት በፌስቡክና በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያላቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚያመሰግኑት ስልክ ራሱ በስጦታ ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ። አዝማሪ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ አዝማሪ ሲያወድስ የሚሰማው ሰው ሁሉ ሽልማት ፈልጎ እንደሆነ ያውቃል፥ እርሱም አይደብቅም። እነዚህ ግን የተከፈለበትን ውዳሴ የወዳጅ ምክር አስመስለው ለማያውቅ ሰው ይነግሩታል።

ስለ ኩባንያዎቹም እውነቱ መነገር አለበት። በሌጎስም በአዲስ አበባም ገበያ የሚታወቁት ቴክኖ፥ ኢንፊኒክስና አይቴል የሚባሉት ሦስቱ ስልኮች በቻይና አገር በሼንዘን ከተማ የሚገኝ ትራንሽን የሚባል የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ይህ ኩባንያ በአፍሪካ ሌሎቹን ታላላቆች የቀደመው በብርጭቆው ማማር አይደለም። አንዱ መሥመር ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በሌላው ለመናገር እንዲቻል በአንድ ስልክ ሁለት ሲም የሚገባበትን ሠራ፤ መብራት በሌለበት አገር ብዙ ቀን የሚያድር ባትሪ አደረገ፤ የጥቍር ሰው ፊት አጥርቶ የሚያነሣ ካሜራ አበጀ። በኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. ገደማ ስልክ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ አቆመ፤ በአማርኛ ፊደል የሚጻፍበትንም ስልክ አወጣ። ይህ ሁሉ ወርቅ ነው፤ የተገኘውም የባላገሩን ኑሮ ጠይቆ በመረዳት ነው። ነገር ግን ወርቁ በገበያ ድንኳን ተሽጦ ሰሙ በሆቴል አዳራሽ ይሞገሳል። ለባትሪው ዕድሜ ማን ከበሮ መታለት? የሚጨበጨብለት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ብርጭቆ ነው፤ እርሱንም ለመግዛት ብዙው ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዙን ሳይበላ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ይህን የሚሰማ አንዳንድ ዘመናይ «የድሮ ሰው ሥልጣኔን ይጠላል» ማለቱ አይቀርም፤ ታሪክም ይጠቅሳል። ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ሲመለሱ ቴሌፎን ይዘው በመጡ ጊዜ፥ ከቤተ መንግሥቱ ካህናት አንዳንዶቹ አካል የሌለውን ድምፅ ሰምተው «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» እንዳሉ ሲነገር ኖሯል። ስተዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም አልሰሟቸውም፥ መልካም አደረጉ። ይሁን እንጂ የነዚያ ካህናት ስሕተት የጠያቂ ስሕተት ነበር። «ይህ ድምፅ ከወዴት መጣ? የሚናገረውስ ማን ነው?» ብለው ነበርና። ዛሬ በአዳራሹ ከተሰበሰበው መካከል ድምፁ ከወዴት እንደሚመጣ፥ ከወዴትስ እንደማይደርስ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ ግብዣው ሁሉ በተባረከ ነበር። ዘመናዩ በካህናቱ ይሥቃል፤ እርሱ ግን ያን ያህል እንኳ አልጠየቀም።

ሌላውም «ቤተ ክርስቲያን ስትሠራ ለቅዳሴ ቤቱ አይደገስምን?» ይላል። ይደገሳል። ነገር ግን በቅዳሴ ቤት ቀን በር ላይ ካርድ የሚጠይቅ የለም፤ ነዳያንም ከደጀ ሰላሙ አይባረሩም። ድግሱም የሚደረገው ታቦቱ ገብቶ አገልግሎቱ ሲጀመር ነው፤ የመጣ ሁሉ በማግሥቱ ሊሳለምበት፥ ልጁን ሊያስጠምቅበት ይችላል። አገልግሎት ሲጀመር መደገስና ዕቃ ሲታይ መደገስ ለየቅል ናቸው።

ይህ ነገር በድልድይ ቢመሰል ይበልጥ ይገለጣል፤ ስልክም ድልድይ ነውና፥ ሰውን ሳይሆን ቃልን የሚያሻግር። ከሞጣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው በጥንቱ የነጋዴ መንገድ፥ በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለው አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ፥ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከዚያም በኋላ በብዙ ዐሥር ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጕልማሶች እየጐተቱት፥ ከእግሩ በታች ዓባይ እየጮኸ ነበር። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት አይቶ መጣና በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው በብረት ተያያዘ። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ወሰደው፤ ከዚያም በኋላ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። አንባቢ ያስተውል፤ በሁለቱ ዳር ያለው ሕዝብ የድልድዩን ዋጋ የሚያውቀው በማማሩ አይደለም። ጭነት ሲያልፍበት ያውቀዋል፤ ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ አብልጦ ያውቀዋል።

በስልክም ላይ ይኸው ደረሰ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ሥራውን ጀምሮ መሥመሩን ሲፈትን ቈየ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በተገኙበት በአዲስ አበባ ተመረቀ። ይህ ድግስ ከሌሎቹ የሚሻል ነበር፤ ሥራው ቀድሞት ነበርና፥ የተመረቀውም ዕቃ ሳይሆን መሥመር ነበርና። ነገር ግን የዚያው ዓመት ክረምት ሳያልቅ፥ በሐምሌ መጨረሻ፥ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፥ ለወራትም ተቋርጦ ቈየ። የትግራይ ሰውም ከዚያ በፊት፥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ አብዛኛው መሥመር ተቈርጦበት የዘመዱን ሞትና ሕይወት ሳይሰማ ኖሯል። ያን ጊዜ በሺሕ ብር የተገዛውና በመቶ ሺሕ ብር የተገዛው ስልክ እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም የፊት መስተዋት ነበሩ። በአዳራሽ የተጨበጨበለት ብልኃት ሁሉ ለእናቲቱ የልጇን ድምፅ ሊያሰማት አልቻለም።

እንግዲህ ኩባንያዎቹ መደገስ ካልቀረላቸው የሚቀጥለውን ስልክ በገበያ ቀን ሞጣ ወይም ቢቸና ወስደው በአደባባይ ይመርቁት። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ መብራት አላገኘምና፥ ከየቀበሌው የሞተ ስልኩን በኪሱ ይዞ፥ ከተማ ገብቶ፥ ከፍሎ የሚያስሞላው ባላገር በዚያ አለ። እርሱን በካርድ መጥራት አያስፈልግም፤ ስልኩ ሲታይም ቶሎ አያጨበጭብም። ተቀብሎ ያገላብጠዋል፥ በመዳፉም ይመዝነዋል። ከዚያም ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተሞላ ስንት ቀን ያድራል? ከቈላው ወርጄ ከዓባይ ዳር ስሆን መሥመር ይይዛልን? ከእጄ ወድቆ ቢሰነጠቅ የሚጠግነው በዚሁ ከተማ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?